ጊቢ ውስጥ የፍልስፍና ንግግርና ዎርክሾፕ ለማዘጋጀት፦ ደብረ ብርሃን ላሉ ልጆች የጻፍኩት

ሰሞኑን ሁለት ልጆች ደውለው "ጋሼ፣ የፍልስፍና ፕሮግራም ልናዘጋጅ አስበናል፣ ከየት እንጀምር?" አሉኝ፣ በስልክ ማስረዳት ጀምሬ ነገሩ አላልቅ አለ፣ ስለዚ እዚህ ጻፍኩት፣ ሌላም የሚፈልግ ካለ ይጠቀምበት።

መጀመሪያ አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት ስሙን የማልጠራው አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከሩቅ የተጠራ የፍልስፍና መምህር ነበር። ፕሮግራሙ 3 ሰዓት ተብሎ 4 ከሩብ ተጀመረ፣ ከዛ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር፣ ከዛ የመክፈቻ ንግግር፣ ከዛ የፕሮግራሙ ዓላማ ምናምን ሲባል እንግዳው ማይክ ሲይዝ 5 ሰዓት ከ40 ሆነ፣ ምሳ ደሞ 6 ሰዓት ነው። ሰውየው ሃያ ደቂቃ ተናገረ፣ ጥያቄው "በሰዓት እጥረት ምክንያት" ተብሎ ተዘለለ። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ደብተሩ ላይ ሦስት ጥያቄ ቁጥር ሰጥቶ ጽፎ ነበር፣ ሦስተኛውን ሁለቴ አስምሮበታል። እስኪርቢቶውን ክዳን አድርጎ፣ ደብተሩን አጥፎ፣ ዝም ብሎ ወጣ። ከዛ ቀን ጀምሮ ምንም ፕሮግራም ሳዘጋጅ ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ የምጽፈው የጥያቄውን ሰዓት ነው፣ ሌላው ሁሉ እሱን ተከትሎ ነው የሚገባው። እናንተም እንደዛ አድርጉ።

1. ምን እንደምታዘጋጁ ለዩ

ንግግርና ዎርክሾፕ አንድ አይደሉም። ንግግር ማለት አንድ ሰው አንድ ሐሳብ ይዞ ይመጣል፣ በሩ ለሁሉም ክፍት ነው፣ 45 ደቂቃ ይናገራል፣ አምስት ደቂቃ እረፍት፣ ከዛ ቢያንስ 45 ደቂቃ፣ ቢቻል አንድ ሰዓት ሙሉ ጥያቄ። ዎርክሾፕ ግን ከአስር እስከ ሃያ ሰው የሚቀመጥበት፣ ጽሑፉ ቀድሞ የተላከበትና የተነበበበት ነው። አቅራቢው ወረቀቱን አያነብም፣ አምስት አስር ደቂቃ ዋናውን ነጥብ ያስታውሳል፣ ከዛ ቀድሞ የተመደበ አንድ ሰው አስር ደቂቃ አስተያየት ይሰጣል፣ የቀረው ውይይት ነው። ለአንድ ጽሑፍ አንድ ሰዓት ስጡ፣ በቀን ከአምስት ጽሑፍ በላይ አትያዙ፣ ስድስተኛው ላይ ሰው ቁጭ ብሎ ይተኛል።

አንድ ነገር ልብ በሉ፣ እኛ አገር ዎርክሾፕ ሲባል ብዙ ሰው አበል ያለው ሥልጠና ነው የሚመስለው። ስለዚ ጥሪው ላይ በግልጽ ጻፉት፦ "ጽሑፎቹ ከሁለት ሳምንት በፊት ይላካሉ፣ ያነበበ ሰው ይምጣ፣ አበል የለም፣ ሻይና ምሳ አለ።" የሚመጣው ሰው ቁጥር ይቀንሳል፣ ግን የመጣው ሰው የሚናገረው ይኖረዋል።

ከዚህ በፊት ምንም አዘጋጅታችሁ የማታውቁ ከሆነ ደሞ ከሁለቱም በፊት በንባብ ጀምሩ። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ ስለሚወስድ አርጉመንት ምን እንደሆነ፣ መነሻና መደምደሚያ ምን እንደሆነ ያውቃል፣ የጎደለው እሱን ይዞ አንድ እውነተኛ ጽሑፍ ላይ መሥራት ነው። እኔ ሁሌም የምመርጠው አሜሪካዊው ፈላስፋ ኤድመንድ ጌቲየር እ.ኤ.አ. በ1963 ያሳተመውን ጽሑፍ ነው፣ እውነት የሆነና በቂ ምክንያት ያለው እምነት እውቀት ነው ወይ ብሎ የጠየቀበትን። ሦስት ገጽ ብቻ ነው፣ ፎቶ ኮፒው ርካሽ ነው፣ ግን ከዛ ቀን ጀምሮ ፈላስፎች እሱን ለመመለስ የጻፉት ተቆጥሮ አያልቅም። ሦስቱን ገጽ በሦስት ሳምንት፣ በሳምንት አንድ ገጽ አንብቡ።

2. ርዕሱን በጥያቄ መልክ አውጡ

"ፍልስፍና እና ልማት"፣ "የፍልስፍና ሚና በዘመናችን" የሚሉ ርዕሶች ተናጋሪውንም አድማጩንም ያዝላሉ፣ ምክንያቱም ማንም ሊቃወማቸው አይችልም። ርዕስ ሲወጣ ቢያንስ ሁለት አዋቂ ሰው በተቃራኒ ሊቆምበት የሚችል መሆን አለበት። "ሳናየው ከሰው በሰማነው ነገር እናውቃለን ማለት እንችላለን?"፣ "ለሞተ ሰው የገባነው ቃል ያስገድደናል?" እንደዚህ ዓይነት።

ብዙ ሰው ደሞ ዘርዓ ያዕቆብን ነው ማንሳት የሚፈልገው፣ ደግ ነው፣ ግን ደብረ ብርሃን ላይ ስታነሱት ሁለቱን ዘርዓ ያዕቆብ ለዩ። ከተማችንን የቆረቆረው ንጉሡ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሠው፣ እሱም የሃይማኖት ጸሐፊ ነበር። ሐተታ የሚባለውን የግዕዝ የፍልስፍና ጽሑፍ ጻፈ የሚባለው ዘርዓ ያዕቆብ ደሞ፣ ሐተታው ራሱ እንደሚለው፣ አክሱም አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1599 ተወልዶ፣ ዋሻ ውስጥ ሁለት ዓመት ተደብቆ እያሰበ የኖረ፣ ኋላ እንፍራዝ የተቀመጠ ሰው ነው። በመሀላቸው 130 ዓመት አለ። ፖስተሩ ላይ የንጉሡን ሥዕል ለጥፎ ከሥሩ "ፈላስፋው" ብሎ የጻፈ አይቻለሁ፣ እንግዳው አይቶት ምንም አላለም ግን እኛ በጣም አፈርን።

ሐተታውን ለዎርክሾፕ ከያዛችሁት ሁለት ክፍል አድርጉት። ጠዋት የደራሲውን ነገር፦ ጽሑፉን እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል ጣልያናዊ ሚሲዮናዊ የኢትዮጵያ ብራና ይሰበስብ ለነበረው ፈረንሳዊ ምሁር ለአንቷን ዳባዲ ላከው፣ እ.ኤ.አ. በ1920 ኮንቲ ሮሲኒ የሚባል ጣልያናዊ የኢትዮጵያ ጥናት ምሁር "የጻፈው ራሱ ጁስቶ ነው" አለ፣ ኋላ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመት ያስተማሩት ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር ደሞ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብለው በሰፊው ተከራከሩ፣ ክርክሩ እስከዛሬ አልተዘጋም። ከሰዓት ደሞ ሐሳቡን ብቻ፦ ሁሉም ሰው የኔ እምነት ነው ትክክሉ ይላል፣ ታዲያ ማን ይፍረድ? ይሄን ማንም ይጻፈው ማን መልስ የሚፈልግ ጥያቄ ነው። ሁለቱን ካልለያያችኋቸው ቀኑ ሙሉ "የኛ ነው፣ የኛ አይደለም" ሲባባል ይመሻል፣ የሐሳቡ ተራ ሳይደርስ ሰው ይበተናል።

3. ቀን

የዓለም የፍልስፍና ቀን በፈረንጆቹ ኖቬምበር ሦስተኛው ሐሙስ ነው፣ በኛ ከህዳር 5 እስከ 12 ባለው ውስጥ ይውላል። ጥሩ ሰበብ ነው፣ ለፕሮፖዛልም ይመቻል። ግን 12 ላይ ከዋለ ህዳር ሚካኤል ነው፣ ሰው ንግሥ ላይ ነው፣ ስለዚ በዋዜማው አድርጉት። ከ15 ጀምሮ ደሞ ጾመ ነቢያት ይገባልና ምሳው የጾም ይሁን። ረቡዕና ዓርብም ከሆነ እንደዛው፣ ዓርብ ደሞ ለጁምዓ ከ6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ክፍት ተዉት። የሙስሊም ተሳታፊዎች ምግብ ከየት እንደሚመጣ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ በመጨረሻው ሰዓት "ለናንተ ሽሮ አለ" ማለት አይገባም።

ህዳርና ታህሳስ እኛ ጋ ውርጭ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሲሚንቶ ክፍል ውስጥ ሰው ቁጭ አድርጋችሁ ስለ ህላዌ አታወያዩ፣ እጁን ብብቱ ውስጥ ከቶ የተቀመጠ ሰው ማስታወሻ አይዝም። ወይ 4 ሰዓት ጀምሩ፣ ወይ ከሰዓት 8 ሰዓት። ክፍሉንም አንድ ቀን ቀድማችሁ በዛው ሰዓት ሄዳችሁ እዩት፣ ፀሐይ በየት በኩል እንደሚገባ እዩ።

4. እንግዳውን መጥራት

ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በፊት። መልእክቱ አጭርና ሁሉን የያዘ ይሁን፣ ለምሳሌ እንዲ፦

"ጤና ይስጥልን ዶክተር። የምንጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። ህዳር 11 ቀን ሐሙስ ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ መጥተው 45 ደቂቃ እንዲናገሩልን፣ ከዛም አንድ ሰዓት ጥያቄ እንዲቀበሉን በአክብሮት እንለምንዎታለን። ታዳሚው 60 ሰው ገደማ ነው፣ አብዛኛው የአንደኛና የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው፣ ሎጂክ ወስዷል እንጂ ፍልስፍና አላጠናም። መጓጓዣና ማደሪያ በኛ ነው። የአበሉ ነገር ገና አልጸደቀም፣ እንደታወቀ እንነግርዎታለን።"

ታዳሚው ማን እንደሆነ መንገር ትልቅ ነገር ነው፣ ያንን ያላወቀ እንግዳ ለኮንፈረንስ የጻፈውን ወረቀት ይዞ መጥቶ ቃል በቃል ያነባል። አንድ ገጽ ሃንድአውትም (ለታዳሚው የሚታደል ወረቀት) ለምኑት፦ ዋናው ጥያቄ፣ አርጉመንቱ በቁጥር፣ አንድ ምሳሌ። መብራት ሲጠፋ የሚያድናችሁ እሱ ወረቀት ነው፣ ስላይዱ አይደለም።

ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከላምበረት መናኸሪያ ተነስቶ በሰንዳፋ፣ በሸኖ፣ በጫጫ አድርጎ ይመጣል። በዛው ቀን ይምጣ አትበሉ፣ በዋዜማው ይግባ። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ አንዳንዱ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ውሃ ስጡት፣ ጃኬት ይዞ እንዲመጣ ንገሩት፣ ካልያዘ ጋቢ አይጠፋም።

እንግዳው በዙም ከሆነ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። እኛ አንዴ "3 ሰዓት" ብለን ውጭ ላለ ሰው ላክን፣ እሱ ከሰዓት በኋላ መስሎት ጠዋት አዳራሽ ሞልቶ ስክሪኑን ሲያይ ዋለ። ከሰዓት 8 ሰዓት ማለት በነሱ 14፡00 በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ነው፣ ህዳር ላይ ለንደን ላለ ሰው ደሞ 11፡00። ቀኑንም በሁለቱ ካላንደር።

5. ደብዳቤና ብር

ይሄን ባጭሩ። አንድ ገጽ ፕሮፖዛል፣ በዲፓርትመንት ኃላፊ በኩል ወደ ዲን፣ ኮፒው እናንተ ጋ ይቅር፣ መዝገብ ቤት ቁጥሩን ጽፋችሁ ያዙ። ግዥ ካለ ፕሮፎርማ ሰብስቡ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ግንቦትና ሰኔ ላይ አዲስ ወጪ አትጠይቁ። የእንግዳው ስም በር ላይ ላሉት ጥበቃዎች ቀድሞ ይድረስ፣ ላፕቶፑም ሲገባ ይመዝገብ፣ አለበለዚያ ሲወጣ በር ላይ ይቆማል። ብሩ ካልተገኘ አትተዉት፣ ሻይ፣ ውሃና የገብስ ቆሎ ካለ የፍልስፍና ንግግር ይካሄዳል።

6. ክፍሉ

ትልቅ አዳራሽ አትፈልጉ። ስድስት መቶ ሰው የሚይዝ አዳራሽ ውስጥ ስልሳ ሰው ሲበተን ማንም ማንንም አይሰማም። ሰማንያ ወንበር ያለው መማሪያ ክፍል ይሻላል። ለዎርክሾፕ ደሞ ወንበሩን ክብ አድርጉት፣ ሰው የተናጋሪውን ማጅራት ሳይሆን ፊቱን ማየት አለበት። ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ፣ ወይ ነጭ ሰሌዳና የሚጽፍ ማርከር (ሞክሩት)፣ ኤክስቴንሽን፣ ሃንድአውቱ በሰው ልክ ሲደመር አስር። የክብር እንግዳ ንግግር ግዴታ ከሆነ አምስት ደቂቃ ብላችሁ ፕሮግራሙ ላይ ጻፉና ለራሳቸው ቀድማችሁ በአክብሮት ንገሯቸው፣ ብዙዎቹ እኮ የሚያረዝሙት ማንም ስላልነገራቸው ነው።

7. ጥያቄው

አሁን ዋናው ጋ ደረስን። መድረክ መሪው ከተናጋሪው እኩል መዘጋጀት አለበት፣ ጽሑፉን ወይ ሃንድአውቱን ያነበበ ሰው ይሁን።

ንግግሩ እንዳለቀ ወዲያው "ጥያቄ ያለው?" አትበሉ። አምስት ደቂቃ ስጡ፣ ሰው ከጎኑ ካለው ጋር ያውራ። "ይሄ እኮ እንዲህ ማለት ነው አይደል?" ብሎ ጓደኛው ላይ ሞክሮት ያልተሳቀበት ጥያቄ በሕዝብ ፊት ለመጠየቅ ድፍረት ያገኛል።

ከዛ የመጀመሪያዎቹን አምስት ጥያቄዎች ለተማሪ ስጡ። መምህራን ይቆዩ። ይሄን እንደ ሕግ ያዙት፣ ምክንያቱም መጀመሪያ አንድ ዶክተር ተነስቶ ረጅም ነገር ከተናገረ ከኋላ ያለው ልጅ የኔማ ጥያቄ አይደለም ብሎ ይቀመጣል።

እኛ አገር የለመድነው አንድ ነገር አለ፣ ሦስት ሦስት ጥያቄ ሰብስቦ ለተናጋሪው መስጠት። እባካችሁ ተዉት። ተናጋሪው ቀላሉን መርጦ ይመልሳል፣ ከባዱን "ጥሩ ጥያቄ ነው" ብሎ ያልፈዋል፣ ጠያቂውም "አልመለሱልኝም" ማለት አይችልም። አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ፣ ከዛ ጠያቂው በመልሱ ላይ አንዴ መልሶ የመናገር መብት ይኑረው። ሌላ ሰው በዛው ጉዳይ ላይ አጭር ነገር ካለው ጣቱን ያንሳ፣ አዲስ ጥያቄ ያለው ደሞ እጁን። መድረክ መሪው ሁለቱን ለየብቻ ይመዘግባል፣ ጣት ይቀድማል። ይሄ በውጭ አገር የፍልስፍና ሴሚናሮች የተለመደ ነው፣ ለኛም በደንብ ይሠራል፣ መጀመሪያ ላይ አንድ ደቂቃ አስረዱት እንጂ።

"ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት አለኝ" የሚል ሰው አይጠፋም። አታቋርጡት፣ ግን ሁለት ደቂቃ ሲሞላ "ጋሼ ይቅርታ፣ ከተናገሩት ውስጥ ዶክተሩ እንዲመልሱልዎ የሚፈልጉት የቱን ነው?" በሉ። አክብራችሁት ወደ ጥያቄ መለሳችሁት ማለት ነው።

በሁለቱም ቋንቋ ይጠየቅ። ንግግሩ እንግሊዝኛ ቢሆንም በአማርኛ መጠየቅ ይቻላል ብላችሁ ከመጀመሪያው ተናገሩ። አንዴ ተናጋሪው ስለ ምስክርነት ነበር የሚያወራው፣ ማለትም ከሰው ሰምተን የምናውቀው ነገር እውቀት ይባላል ወይ በሚለው ላይ፣ ተማሪው ሁሉ በእንግሊዝኛ ሁለት ሦስት ቃል እየጠየቀ ሲቀመጥ ነበር። ከኋላ አንዲት ሁለተኛ ዓመት ልጅ "በአማርኛ ይቻላል?" አለች። ይቻላል ተባለች። "እኔ ከመንዝ ነኝ፣ አያቴ የሰማችውን ነገር ስትነግረን መጨረሻው ላይ 'አሉ' ትላለች፣ 'ሞላሌ በረዶ ጥሏል አሉ' ትላለች። 'አሉ' ስትል ታውቃለች ማለት ነው ወይስ እኔ የለሁበትም ማለቷ ነው?" አለች። ተናጋሪው ለመመለስ አፉን ከፈተና ተወው፣ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ጻፈው። ሃያ አምስት ደቂቃ በዛ ላይ ተወያየን። አንዱ "አሉ ማለት ኃላፊነቱን ለተናገረው ማሻገር ነው" አለ፣ ሌላው "ፍርድ ቤት ቀርበህ አሉ ብትል ምስክር አይሉህም" አለ፣ ሌላዋ ደሞ "እኔ እናቴ አሉ ባለችው ነገር ተነስቼ ጃኬት ለብሼ ወጥቻለሁ፣ ካላወቅኩ ለምን ለበስኩ?" አለች። በእንግሊዝኛ ብቻ ቢሆን ያ ጥያቄ ሳይጠየቅ ይቀር ነበር።

ስለ ጠባይም አንድ ነገር። እኛ ክርክር እናውቃለን፣ በላ ልበልሃ ያደገበት አገር ነው፣ "ተጠየቅ!" ብሎ ባላንጣን ማፋጠጥ በደማችን አለ። ጥያቄ በጥያቄ የማሰር ጥበቡን አምጡት፣ የማሸነፉን ነገር ግን ውጭ ተዉት፣ ምክንያቱም እዛ ዳኛ አለ፣ የሚያሸንፍ አለ፣ የሚሸነፍ አለ፣ እዚህ ግን ወረቀቱ እንዲሻሻል ነው የተሰበሰብነው። ለዎርክሾፕ እኔ የምወስደው የቅኔ ቤቱን ነው። ተማሪው ብቻውን ወጥቶ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም ያዘጋጃል፣ ተመልሶ ለየኔታ ይነግራል፣ የኔታ ከጓደኞቹ ፊት ያርሙለታል፣ ሁሉም በሱ እርማት ይማራል። የታረመ ሰው ተሸነፈ አይባልም። አስተያየት ሰጪ ስትመድቡ ይሄን ንገሩት፦ መጀመሪያ የጽሑፉን ሐሳብ ደራሲው "አዎ፣ እሱን ነው ያልኩት" እስኪል ድረስ አስረዳ፣ ከዛ በኋላ ትልቁን አንድ ችግር አንሳ፣ አስር ትንንሽ ችግር አትልቀም።

8. ሲያልቅ

በሰዓቱ ዝጉ፣ ውይይቱ ሞቅ ብሎ ቢሆንም። የቀረው ሻይ ላይ ይቀጥላል፣ እንዲያውም በጣም ጥሩው ነገር ብዙ ጊዜ እዛ ነው የሚባለው፣ ስለዚ ሻዩን ከጥያቄው በኋላ እንጂ ከፊቱ አታድርጉት።

አንድ ልጅ ጥያቄዎቹን በሙሉ እንዲጽፍ መድቡ፣ የተመለሱትንም ያልተመለሱትንም፣ የጠያቂውን ስም ሳይሆን ጥያቄውን። በዛው ማታ ከምስጋና ጋር ለእንግዳው ላኩት፣ ሃንድአውቱን ደሞ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ጫኑት። ተራ ሳይደርሳቸው የቀሩት ጥያቄዎች ለሚቀጥለው ንባብ ርዕስ ይሆናሉ፣ እና የሚቀጥለውን ቀን ሰው ከመበተኑ በፊት ሰሌዳው ላይ ጻፉት። ከዛ ወንበሩን ወደ ቦታው መልሱ፣ ኤክስቴንሽኑን ጠቅልሉ፣ ቁልፉን ለጥበቃው አስረክቡ።